አየር ላይ የተሠራ መንገድ፦ ከቦሌ እስከ ደለስ

ከአዲስ አበባ ቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በአየር 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስልኩን ያወጣ ሁሉ ይህን ቁጥር በቅጽበት ያገኘዋል። የጉዞ ሰዓቱም ትኬቱ ላይ ሰፍሯል፤ ዘመድ «መቼ ትደርሳለህ?» ብሎ ሲጠይቅ ከዚያው ላይ አንብበን እንነግረዋለን። ከዚያ ወዲያ ስለ ቁጥሮቹ የሚጨነቅ ብዙ ሰው የለም። ርቀቱን የሰጠችን መሬት ናት። መንገዱንና ሰዓቱን ግን ሰው ነው የሚሠራቸው፤ ያውም በየቀኑ፣ ለእያንዳንዱ በረራ እንደ አዲስ። ይህን ሥራ ከአብራሪዎች ጋር ሆነው የሚሠሩት የበረራ ዲስፓቸሮች ናቸው። መንገደኛ ፊታቸውን አያይም፣ ስማቸውንም በድምፅ ማጉያ አይሰማም። ሥራቸውን ቀረብ ብሎ ላየ ሰው ግን በዘመናችን ከሚሠሩት እጅግ ጥንቁቅ ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።

የሙያው ቁም ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ ከአጭሩ መስመር ምን ያህሉን፣ የት ላይና ምን ለማትረፍ መልቀቅ እንደሚገባ ማወቅ። ከቦሌ እስከ ደለስ ያለው መስመር ይህን ለማሳየት የተመቸ ነው።

በመጀመሪያ መስመሩን ራሱን እንይ። ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ጠፍጣፋ ካርታ አዲስ አበባንና ዋሽንግተንን በማስመሪያ ብታገናኙ፣ መስመሩ ቻድን፣ ኒጀርን፣ ማሊንና ሞሪታንያን ቆርጦ አትላንቲክ ውስጥ ይገባል። ክብ በሆነው የመሬት ሉል ላይ ክር ወጥራችሁ ብትይዙ ግን ክሩ የሚያልፈው ሌላ ቦታ ነው። ከአዲስ አበባ ሲነሣ ከሰሜንና ከምዕራብ እኩል መካከል ላይ ያቀናል። ሱዳንን አቋርጦ ሱዳን፣ ግብፅና ሊቢያ በሚገናኙበት በረሃ አጠገብ ያልፋል። ሊቢያን ሰንጥቆ፣ ደቡብ ቱኒዚያን ነክቶ፣ በአልጄሪያ ምዕራባዊ የባሕር ዳርቻ ከአፍሪካ ይወጣል። ከዚያ ስፔንና ፖርቱጋል፣ ቀጥሎም ውቅያኖሱ። አትላንቲክ መሐል፣ 42 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ሲደርስ እስከ 44.7 ዲግሪ ሰሜን ይወጣል። ዋሽንግተን ያለችው 39 ዲግሪ ላይ ስለሆነ፣ መስመሩ መድረሻውን ወደ ሰሜን ስድስት ዲግሪ ያህል አልፎት ሄዶ፣ በናንታኬት ደሴትና በኒው ጀርሲ በኩል ወደ ደቡብ ይመለሳል። ካርታው ላይ ጠማማ የሚመስለው ይህ መስመር ከሁሉም አጭሩ ነው።

የሙያው መለኪያም ከዚሁ ከመሬት ክብነት የተቀዳ ነው። አንድ ኖቲካል ማይል 1,852 ሜትር ሲሆን መነሻው የመሬት ዙሪያ የአንድ ዲግሪ አንድ ስድሳኛ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ቅስት 104 ዲግሪ ያህል ስለሆነ፣ በስድሳ ሲባዛ 6,240 ኖቲካል ማይል ይሆናል። ስሌቱ ከዚህም ይረቃል። መሬት ከወገቧ በኩል ሰፋ ያለች ናት፤ ከመሐሏ እስከ ምድር ወገብ 6,378 ኪሎ ሜትር፣ እስከ ዋልታዎቿ 6,357 ኪሎ ሜትር ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ይህን ቅርጽ የሚከተለውን አንድ ወጥ የመለኪያ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1998 ጀምሮ በሥራ ላይ አውሏል። እያንዳንዱ ማረፊያም ርቀቱ የሚለካበት አንድ መነሻ ነጥብ አለው። የቦሌ ማኮብኮቢያ ራሱ 3,800 ሜትር ስለሚረዝም፣ በሁለት ማረፊያዎች መካከል ያለውን ርቀት እስከ ሜትር ድረስ ዘርዝሮ መናገር ትርጉም የለውም። ጥሩ ባለሙያ የት ላይ መጠንቀቅ እንዳለበት የሚያውቀውን ያህል የት ላይ «ገደማ» ማለት እንደሚበቃም ያውቃል።

ክቧ መሬት ለባለሙያው አንድ ትልቅ ስጦታ ሰጥታዋለች። መስመሩን ትንሽ ማጠፍ የሚያስከፍለው ዋጋ ከሚገመተው በጣም ያነሰ ነው። ከአዲስ አበባ ደብሊን፣ ከደብሊን ዋሽንግተን ብትደምሩ ከአጭሩ መስመር የሚበልጠው በ270 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አየርላንድ ድረስ ወጥቶ መመለስ ሩቅ ይመስላል፤ ዋጋው ግን የሃያ ደቂቃ በረራ አይሞላም። በሮም በኩል ከሆነ ደግሞ ጭማሪው 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በካርታው ላይ መንገድ ዳር የምትመስለው ሎሜ ግን ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ትጨምራለች። ሎሜ የራሷ ገበያና የራሷ መንገደኛ ስላላት ለሌላ ስሌት ትጠቅማለች፤ በርቀት ብቻ ከተመዘነ ግን ደብሊን ከሎሜ እጅግ ትቀርባለች። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ለዓመታት በሮም፣ ኋላም በደብሊን ሲያርፍ የኖረው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ይኸው ስጦታ በክፉ ቀንም ይደርሳል። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ የአገሪቱ የአየር ክልል ለመንገደኛ አውሮፕላኖች ተዘጋ። የሊቢያን ሰማይ ደግሞ ብዙ አየር መንገዶች ከዚያ በፊትም ይሸሹት ነበር። አጭሩ መስመር በሁለቱም አገሮች ላይ ያልፋልና ከአፍሪካ ክፍሉ አብዛኛው ተዘጋ ማለት ነው። ባለሙያው ግን ወደ ሰሜን ያያል። ከአዲስ አበባ ካይሮ፣ ከካይሮ ዋሽንግተን ቢለካ ጭማሪው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከመቶ ሦስት እንኳ የማይሞላ ነው። እስከ ካይሮ ያለው ቀጥታ መስመር የሱዳንን ምሥራቅ ስለሚነካ በቀይ ባሕር በኩል ለመዞር ትንሽ ይጨመርበታል፤ እንዲያም ሆኖ ጦርነትን ዞሮ ለማለፍ ይህ ርካሽ ዋጋ ነው። ይህን ዓይነቱን መታጠፊያ ለይቶ ማየት፣ የትኛው መጠምዘዝ ርካሽ፣ የትኛው ውድ እንደሆነ በዓይን መመዘን የሙያው አንደኛ ችሎታ ነው።

ሁለተኛው ችሎታ ነፋስን ማንበብ ነው። ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ አውሮፕላኖች በሚበሩበት በዚያው ሰማይ፣ ጄት ስትሪም የሚባለው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የብርድ ወራት አትላንቲክ ላይ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጥናል። ድሪምላይነር የተባለው የቦይንግ አውሮፕላን ነፋስ በሌለበት አየር በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል እንበል። የተጣመመው መንገድ 12,000 ኪሎ ሜትር ይሁን። በአማካይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን ነፋስ ከኋላ ከገፋው 12 ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። ያው ነፋስ ከፊት ከመጣ ግን 14 ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈጃል። ርቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ በመሄጃና በመመለሻ መካከል ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ልዩነት የሚፈጠረው እንዲህ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሥራው የሚረቅቀው። ነፋሱ በየቀኑ ቦታውን ይለውጣል፤ አንድ ቀን ወደ አይስላንድ ይወጣል፣ ሌላ ቀን ወደ አዞርስ ደሴቶች ይወርዳል። ወደ ምሥራቅ ለሚመጣ አውሮፕላን 200 ኪሎ ሜትር ተጨማሪ መንገድ ሄዶ የነፋሱን እምብርት ማግኘት ትርፍ ነው፤ ወደ ምዕራብ ለሚሄደው ደግሞ ያንኑ ያህል ዞሮ ከነፋሱ መሸሽ። በሰሜን አትላንቲክ ላይ የሚዘረጉት የአየር መንገዶች ራሳቸው በቀን ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ የሚሠመሩት ለዚህ ነው። ወደ ምዕራብ የሚወስዱትን ከብሪታንያና ከአየርላንድ በኩል ሻንዊክ፣ ወደ ምሥራቅ የሚያመጡትን ከካናዳ በኩል ጋንደር የተባለው የአየር ትራፊክ መቆጣጠሪያ ማዕከል ያወጣቸዋል። ከእነዚህ መንገዶች ወይም ከሚሠሩባቸው ሰዓታት ውጭ የሚበር አውሮፕላን የራሱን መስመር ይዞ ይሄዳል። ትናንት የተሠራው መንገድ ዛሬ አያገለግልም። ዲስፓቸሩ የነፋሱን ትንበያ ከፊቱ ዘርግቶ በኮምፒዩተሩ ብዙ አማራጮችን ያወዳድራል። የትኛውን ማመን፣ በየትኛው ላይ መጠራጠር እንዳለበት የሚወስነው ግን ነጎድጓድ የሚበዛበትን ወቅትና በሰዓቱ የሚጨናነቀውን ሰማይ የሚያውቀው ራሱ ነው።

ይህ ሁሉ ሐሳብ መጨረሻ ላይ በአንድ ሰነድ ይሰፍራል፤ እሱም የበረራ ዕቅዱ ነው። ይህን ወረቀት ወይም ዛሬ ዛሬ በታብሌት ላይ የሚገኘውን ገጽ ቀረብ ብሎ ማየት ደስ ያሰኛል። ከላይ እስከ ታች የነጥቦች ዝርዝር ነው። በየብስ ላይ ያሉት ነጥቦች አምስት ፊደል ያላቸው፣ በሬዲዮ ለመጥራት የሚመቹ ስሞች አሏቸው፤ በውቅያኖስ ላይ ደግሞ ስም የሚሆን ነገር ስለሌለ ብዙዎቹ የኬንትሮስና የኬክሮስ ቁጥር ብቻ ናቸው። በእያንዳንዱ ነጥብ ትይዩ አቅጣጫው፣ እስከሚቀጥለው ያለው ርቀት፣ የሚጠበቀው ነፋስና ሙቀት፣ አውሮፕላኑ ከመሬት አንጻር የሚሄድበት ፍጥነት፣ የሚፈጀው ደቂቃ፣ በመጨረሻም ታንከሩ ውስጥ ሊቀር የሚገባው ነዳጅ ተጽፏል። አጠገባቸው ባዶ ቦታ አለ። አብራሪዎቹ ነጥቡ ላይ ሲደርሱ በዚያ ባዶ ቦታ ትክክለኛውን ሰዓትና በጌጁ የሚታየውን ነዳጅ ይሞላሉ። ዕቅዱ 31.4 ቶን ብሎ ጌጁ 31.2 ካሳየ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ያስባሉ፤ ነፋሱ ነው? ከፍታው ነው? የሚቀጥለው ነጥብ ላይ ልዩነቱ ሰፍቷል ወይስ ጠቧል? እንዲህ እያለ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው የታሰበውና የሆነው ጎን ለጎን ይሰፍራሉ። ሠሪው ያሰበውን ከተፈጸመው ጋር በየደቂቃው እንዲህ በግልጽ የሚያስተያይ ሥራ ብዙ አይገኝም።

የነዳጁ ዓምድ የራሱ ውበት አለው። ነዳጁ «ሙላልኝ» ተብሎ የሚቀዳ አይደለም፤ በየፈርጁ ተከፋፍሎ ይሰላል። መሬት ላይ ለመንዳት የሚሆን አለ። ለጉዞው ለራሱ የሚሆን አለ፤ ድሪምላይነር በሰዓት 5 ቶን ገደማ ስለሚያቃጥል ይህ ብቻ ከ60 ቶን ይበልጣል። ትንበያው ቢሳሳት ተብሎ በተለመደው ደንብ ከጉዞው ነዳጅ ከመቶ አምስት ይያዛል። ቦሌ በጭጋግ ወይም በነጎድጓድ ቢዘጋ ወደ ሌላ ማረፊያ የሚያደርስ ይጨመራል። ከሁሉም በታች ደግሞ የማይነካው አለ፦ ከማረፊያው በላይ 1,500 ጫማ ላይ 30 ደቂቃ ለማንዣበብ የሚበቃ ነዳጅ። ይህ በዓለም አቀፍ ደንብ የተቀመጠ የመጨረሻ መጠባበቂያ ነው።

ታዲያ ለጥንቃቄ ብሎ አሥር ቶን መጨመር ምን ይከፋል? ነገሩ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ስንቅ እንደሚይዘው ነው፤ ስንቁ በበዛ ቁጥር ሸክሙ ይከብዳል፣ ሸክሙ በከበደ ቁጥር ተሸካሚው ከዚያው ስንቅ ብዙ ይበላል። ከአሥር ሰዓት በላይ በሚፈጅ በረራ ለትርፍ ከተጫነ ነዳጅ ሲሶ ያህሉ የሚያልቀው ያንኑ ትርፍ ለመሸከም ነው። ስለዚህ የጎደለው አደጋ፣ የተረፈው ብክነት ነው። ይህን መካከለኛ መጠን ማግኘት ፍርድ ይጠይቃል፤ የመጨረሻው ፊርማም የዋና አብራሪው ነው። ዕቅዱን አይቶ «ዛሬ ሁለት ቶን ጨምሩልኝ» ማለት ይችላል፤ ጥሩ ዲስፓቸርም ለምን እንዳለ ይገባዋል።

ከፍታው ላይም እንዲሁ ረቂቅ ሥራ አለ። አውሮፕላኑ ሲነሣ በነዳጅ ስለሚከብድ ወዲያው ወደ ምቹው ከፍታ አይወጣም። በ33 ሺህ ጫማ ጀምሮ ነዳጁ እየቀነሰ ሲሄድ ደረጃ በደረጃ ወደ 37 ሺህ፣ ወደ 39 ሺህ፣ አንዳንዴም ወደ 41 ሺህ ጫማ ይወጣል። ወደ ምሥራቅ የሚበሩ ጎዶሎውን፣ ወደ ምዕራብ የሚበሩ ሙሉውን ቁጥር ይይዛሉ፤ 33፣ 35፣ 37 ለሚመጣው፣ 34፣ 36፣ 38 ለሚሄደው። ወደሚቀጥለው ከፍታ የሚወጣበት ጊዜ በሃያ ደቂቃ ቢዘገይ ወይም ቢቀድም ነዳጁ ይለያያል። ከዚህ በተጨማሪ አብራሪዎቹ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚያስገቡት አንድ ትንሽ ቁጥር አለ፤ የጊዜን ዋጋ ከነዳጅ ዋጋ ጋር የሚያመዛዝን። ቁጥሩ ከፍ ሲል አውሮፕላኑ ይፈጥናል፣ ዝቅ ሲል ይቆጥባል። ተያያዥ በረራ የሚጠብቁ መንገደኞች ካሉና በረራው ከዘገየ ያ ቁጥር ከፍ ይላል። አየር መንገዱ ለመንገደኛው ጊዜ የሚሰጠው ክብደት በዚያ ቁጥር ይገለጻል ማለት ይቻላል።

አሁን የዚህን መስመር ልዩ ጠባይ ልናይ እንችላለን። ለብዙ ዓመታት ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው ኢቲ 500 መንገድ ላይ እያረፈ፣ የሚመለሰው ኢቲ 501 ግን በቀጥታ ሲበር ኖሯል። ነፋሱ የምክንያቱ ግማሽ ነው፤ ግማሹ ቦሌ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተቀመጠ ማረፊያ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለሉ ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል ስስ ነው። ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሣት 12 በመቶ ያህል በላቀ ፍጥነት መሮጥ አለበት፤ ሞተሩ ደግሞ በስሱ አየር ጉልበቱ ይቀንሳል። ማኮብኮቢያው ረጅም ቢሆንም ርዝመቱ ያልቃል፤ ጎማውም የሚችለው የፍጥነት ወሰን አለው። ስለዚህ ሙሉ መንገደኛ፣ ሙሉ ጭነትና 14 ሰዓት ነፋስ የሚጋፈጥ ነዳጅ አንድ ላይ ከቦሌ ማንሣት ከባድ ነው። ሩቅ የሚሄዱት በረራዎች አየሩ ቀዝቀዝ ባለበት በሌሊት መነሣታቸው በዚህ ረገድ ያግዛል፤ ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ያለ ነውና። ደለስ ግን ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ ከፍ አይልም፤ ከማኮብኮቢያዎቹ አንዱ 3,500 ሜትር ይረዝማል። ከዚያ ታንከሩን ሞልቶ መነሣት ይቻላል፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋል። አንዱ ማረፊያ ሲከለክል ሌላው ይፈቅዳል፤ ዕቅዱ ሁለቱንም በየጠባያቸው ይዟቸዋል።

ትኬት ላይ የሚታተመው ሰዓትም የራሱ ሥራ አለው። እዚያ የተጻፈው አውሮፕላኑ አየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ ብቻ አይደለም። ከመቆሚያው ከተንቀሳቀሰበት ጀምሮ መድረሻው መቆሚያ ላይ እስኪቆም ያለውን ሁሉ ይይዛል፤ ለመነሣት ተራ መጠበቁን፣ ካረፈ በኋላ መሬት ላይ መንዳቱንም። ይህ ቁጥር ለሙሉ ወቅት አንድ ሆኖ ከወራት በፊት ይወጣል፤ ነፋሱ ግን በየቀኑ ይለያያል። ቁጥሩን የሚወስኑት ባለሙያዎች ያለፉትን ወቅቶች በረራዎች አይተው አብዛኛውን ቀን የሚያደርሰውን ይመርጣሉ። ካሳጠሩት መንገደኛ ተያያዥ በረራው ያመልጠዋል፤ ካስረዘሙት አውሮፕላኑም ሠራተኛውም ያለ ሥራ ይቆማሉ። በዚያ ላይ ዋሽንግተን ሰዓቷን በዓመት ሁለት ጊዜ ስትለውጥ አዲስ አበባ አትለውጥም፤ ልዩነቱ አንዴ ሰባት፣ አንዴ ስምንት ሰዓት ይሆናል። ከደለስ ጠዋት የተነሣ መንገደኛ በማግስቱ ማለዳ ቦሌ ሲወርድ፣ በዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ዘመዶቹ ገና ወደ መኝታ እየሄዱ ነው።

ይህ መስመር በታሪክ የተመዘገበ ቀን አለው። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ የተረከበው ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። የተመዘገበለት ርቀት 12,082 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ሁለት ሞተር ላለው የመንገደኛ ጄት በጊዜው አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። በረራው ከ13 ሰዓት በላይ ፈጅቷል። ብዙ ጊዜ የሚወሳው አውሮፕላኑ ነው፤ ይገባዋልም። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የቁጥሩ ትርፍ ነው። አጭሩ መስመር 11,560 ከሆነና የተበረረው 12,082 ከሆነ፣ የተመዘገበው መንገድ ከአጭሩ በ520 ኪሎ ሜትር ያህል ይበልጣል። እያንዳንዱ ኪሎ ነዳጅ በሚቆጠርበት በእንዲህ ያለ በረራ ላይ እንኳ መንገዱ ከአጭሩ መስመር ረዝሞ፣ አውሮፕላኑ ሳያርፍ ደረሰ። አቅጣጫውንም ልብ በሉ፤ ከዝቅተኛው ማረፊያ ወደ ከፍተኛው፣ ከነፋሱ ጋር። ዛሬም በቀጥታ የሚበረረው በዚያው አቅጣጫ ነው።

ስለ አየር መንገዳችን ስንኮራ ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው በአውሮፕላኑ አዲስነት፣ በአብራሪው ትከሻ ላይ ባለው ማዕረግና በመዳረሻዎቹ ብዛት ላይ ነው። ኩራቱ ተገቢ ነው። አውሮፕላኑን ግን ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛዋል፤ አንድ ዓይነት ድሪምላይነር በብዙ አገሮች ይበራል። የማይገዛው ይህ ፍርድ ነው፦ የቦሌን ስስ አየር፣ የአትላንቲክን ነፋስ፣ የጎረቤትን ጦርነትና የመንገደኛውን ሰዓት በአንድ ገጽ ላይ አስታርቆ መንገድ ማድረግ። ይህ በዓመታት ሥራ የሚገኝ፣ ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ዕውቀት ነው። ልጆቻችን አቪዬሽን መማር ሲመኙ ከአብራሪው ወንበር ሌላ ይህም ወንበር እንዳለ ሊነገራቸው ይገባል፤ የሚቀመጥበት ሰው ሳይበር በየቀኑ ውቅያኖስ የሚያሻግር ነውና።